ዳሽካምን ከውጭ እንዳይታይ አድርጎ ስለ መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ታክሲ ወይም በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪና የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ስለ ዳሽካም፣ ማለትም በመኪና መስታወት ላይ ተገጥማ ጉዞውን ስለምትቀርጸው ትንሽ ካሜራ፣ ሲያነጋግሩኝ፣ ጨዋታው «የትኛው ይሻላል?» ከሚለው ይጀምርና ብዙም ሳይቆይ «መኪናዬን አቁሜ ስገባ ከውጭ እንዳይታይ ምን ላድርግ?» ወደሚለው ይዞራል። ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ አሽከርካሪዎችም ያንኑ ይጠይቁኛል። እኔም በዚሁ ሥራ ውስጥ ያለሁና በሦስት መኪኖች ላይ ካሜራ በገዛ እጄ የገጠምኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በተግባር ያየሁትን ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

ካሜራው በግልጽ ቢታይ ሌባን አያስፈራም? ለምን ይሸሸጋል?

መኪናው በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ካሜራው መታየቱ ጥቅም አለው፤ ካሜራ እንዳለ ያወቀ ተሳፋሪ ከጭቅጭቅ ይቆጠባል፣ ሆን ብሎ ለመጋጨት የሚፈልግ አሽከርካሪም ሁለት ጊዜ ያስባል። መኪናው ቆሞ ባለቤቱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሌሊት በመንገድ ዳር በቆሙ መኪኖች መካከል የሚያልፍ ሌባ የሚፈልገው መስታወት ሰብሮ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነቅሎ የሚሄደውን ዕቃ ነው፤ ፊቱን ሸፍኖ የመጣ ሰው ደግሞ ካሜራን እንደ ምስክር ሳይሆን እንደሚሸጥ ዕቃ ነው የሚያየው። ስለዚህ የምንሸሽገው ከአላፊ አግዳሚው ዓይን ነው። በመኪናው ውስጥ ከተቀመጠ ሰው መሸሸግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን ዝቅ ብዬ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ማታ ማታ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ባስቀምጠው አይበቃም?

እኔም ለረጅም ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። የመጀመሪያው ካሜራዬ በመስታወት ላይ በአየር በሚጣበቅ ክብ ጎማ የሚንጠለጠል ዓይነት ስለነበር፣ ሥራ ስጨርስ ነቅዬ በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ እከተውና በሩን ቆልፌ እገባ ነበር። አንድ ቀን ጧት ስወርድ የተሳፋሪው በኩል ያለው መስታወት ተፈርክሶ ወንበሩ ላይ ፈሷል፤ መሳቢያው ተከፍቷል፤ ካሜራውም የለም። ቆሜ ሳየው ሌባው እንዴት እንዳወቀ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ በፊት መስታወቱ ላይ የጎማው ክብ ምልክት በእንፋሎቱ መካከል ጎልቶ ይታያል፣ የቻርጀሩ ገመድም ከመስታወቱ ጥግ እስከ ማርሹ ድረስ እንደተንጠለጠለ ነበር። ካሜራውን ደብቄ ካሜራ እንዳለኝ የሚናገሩትን ሁለት ነገሮች ትቻቸው ነበር። መስታወቱን ለማስቀየር የከፈልኩት ካሜራውን ከገዛሁበት ዋጋ በለጠ።

ካሜራዎ የሚነቀል ዓይነት ከሆነና መንቀሉን ከመረጡ፣ የጎማውን ምልክት በየምሽቱ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ገመዱንም አብረው ያንሡት። ከዚያ ይልቅ አንዴ በደንብ አድርጎ በቋሚነት መግጠምን እኔ እመርጣለሁ፤ በየቀኑ የሚደረግ ጥንቃቄ አንድ ቀን መረሳቱ አይቀርም።

ከውጭ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የካሜራው ትልቅነት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥቁር የሆነ ትንሽ ዕቃ በጨለማ መኪና ውስጥ በቀላሉ አይለይም። የሚያጋልጡት ብርሃን፣ ነጸብራቅና ገመድ ናቸው። የበራ ስክሪን በሌሊት ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ብልጭ ድርግም የምትል የሩዝ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ወይም ቀይ መብራት ሳትቀር ዓይን ትስባለች። በካሜራው ፊት ላይ በብርማ ቀለም የተጻፈ የድርጅት ስም የመንገድ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ በሌንሱ ዙሪያ ያለ ብርማ ቀለበትም እንዲሁ።

መፍትሔዎቹ ቀላል ናቸው። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ስክሪኑ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ የምልክት መብራቶቹን የሚያጠፋ ምርጫ ካለ እርሱንም ይጠቀሙ። ከሌለ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠች ትንሽ ጥቁር ናስትሮ መብራቷን ትሸፍናለች። ብርማውን ጽሑፍ የማያብረቀርቅ ጥቁር ስቲከር ይለጥፉበት። ናስትሮው የድምፅ መቀበያዋን ቀዳዳና ሙቀት የሚወጣባቸውን ክፍተቶች እንዳይደፍን ይጠንቀቁ። ካሜራውን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ጠቅልለው የሚደብቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የታፈነ ካሜራ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይበላሻል።

የት ቦታ ልግጠመው?

ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ፣ ወደ ተሳፋሪው በኩል ጠጋ ብሎ፣ ከጣሪያው ጋር ሊነካካ በሚቀርብ ከፍታ ላይ ያለው ቦታ ከሁሉ ይሻላል። ከውጭ የሚያይ ሰው በዚያ ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ማየትን ለምዶታል፤ ስፖኪዮው ራሱ፣ የስፖኪዮው እግርና ፋብሪካው የገጠማቸው መቆጣጠሪያዎች ሁሉ እዚያው ስለሚሰበሰቡ ካሜራው ከእነርሱ አንዱ ይመስላል። ከአሽከርካሪው ወንበር ሲታይ ደግሞ ስፖኪዮው ስለሚከልለው መንገዱን አያስተጓጉልም።

ከመለጠፍዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛው፣ ሌንሱ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት የመስታወቱ ክፍል ውስጥ መዋል አለበት፤ አለበለዚያ በዝናብ ቀን የሚቀረጸው የውሃ ጠብታ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው፣ በመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ያለው በጥቁር ነጠብጣብ የተሸፈነው ክፍል ለመሸሸግ ቢመችም ወለሉ እኩል ስላልሆነ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም፤ እግሩን ከነጠብጣቡ በታች ባለው ንጹሕ መስታወት ላይ ያሳርፉት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ የብዙ አዳዲስ መኪኖች የግጭት መከላከያ ካሜራ የሚገኘው እዚያው ስፖኪዮው ጀርባ ነው፤ ሱባሩ ላይ ደግሞ ከስፖኪዮው ግራና ቀኝ ሁለት ሌንሶች አሉ። በእነዚህ ሌንሶች ፊት የሚቀመጥ ወይም በመስታወቱ ላይ ጥላውን የሚጥል ነገር በራሱ ፍሬን የሚይዘውን ሥርዓት ሊያሳስተው ይችላል። ሌብነትን ፈርቶ ፍሬንን ማሳሳት አይገባም።

ሕጉም ስለ ቦታው የሚለው አለ። በካሊፎርኒያ ካሜራ በፊት መስታወት ላይ የሚፈቀደው በላይኛው መካከል ከ5 ኢንች በ5 ኢንች ባልበለጠ ቦታ፣ ወይም በታችኛው የአሽከርካሪ ጥግ በዚያው ስፋት፣ ወይም በታችኛው የተሳፋሪ ጥግ ከ7 ኢንች በ7 ኢንች ባልበለጠ ቦታ ነው። ከባድ መኪና ለሚነዱ ወገኖች፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የዝናብ መጥረጊያው ከሚያጸዳው ክፍል የላይኛው ጠርዝ እስከ 8.5 ኢንች ዝቅ ብሎ መግጠምን ይፈቅዳል፤ አሽከርካሪው መንገዱንና ምልክቶቹን የሚያይበትን መስመር ግን መንካት አይቻልም።

ለመሸሸግ የሚመቸው የትኛው ዓይነት ካሜራ ነው?

ከመስታወቱ ጋር ልጥፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ ጎኑ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ወይም ክብ በርሜል የሚመስል፣ ስክሪን የሌለው ወይም በጣም ትንሽ የሆነ፣ ሁለመናው ጥቁር ካሜራ ይምረጡ። ለምሳሌ ጋርሚን ሚኒ 2 የሚባለው የመኪና ቁልፍ መያዣ የሚያህል ነው፤ ስክሪን የለውም፤ በ1080 ጥራት 140 ዲግሪ ስፋት ይቀርጻል። ትንሽነት ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ በሌሊት የሰሌዳ ቁጥር በማንበብ ረገድ ትልልቅ ሌንስና የብርሃን መቀበያ ያላቸው ካሜራዎች ይበልጧቸዋል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ጥቂት ገዘፍ ያለውን መርጦ ቦታውን አስተካክሎ ቢደብቀው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ለአንድ የተወሰነ መኪና ተብለው የሚሠሩ፣ የስፖኪዮውን እግር የፕላስቲክ ሽፋን የሚተኩ ካሜራዎችም አሉ። ከፋብሪካው የወጡ ስለሚመስሉ ከሁሉም ይልቅ የሚሰወሩት እነዚህ ናቸው፤ መኪናውን ሲቀይሩ ግን ወደ ሌላ መኪና ይዘዋቸው መሄድ አይችሉም።

ካሜራው ውስጥ ያለው ኃይል ማጠራቀሚያ ባትሪ ሳይሆን ካፓሲተር መሆኑን ይጠይቁ። በቋሚነት መስታወት ላይ የሚኖር ካሜራ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ የሊቲየም ባትሪ በዚህ ሙቀት ያብጣል። በዱባይ ወይም በሪያድ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ከጥራትም ከዋጋም በፊት መምጣት አለበት።

ገመዱን እንዴት ልደብቀው?

ካሜራው የቱንም ያህል ቢሰወር ተንጠልጥሎ የሚታይ ገመድ ሁሉን ያፈርሰዋል፤ ሥራው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ይበቃል። ገመዱ ከካሜራው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ላይ ይሄድና በጣሪያው ልብስና በመስታወቱ መካከል ወዳለው ቀጭን ክፍተት ይገባል። በጣት ወይም በፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይዋጣል። በዚሁ ክፍተት ወደ ተሳፋሪው በኩል ይወስዱትና በፊት መስታወቱና በበሩ መካከል ባለው ምሰሶ በኩል ወደ ታች ያወርዱታል። ብረት መፍቻ አይጠቀሙ፤ ጨርቁን ይቀድዳል፣ መስታወቱንም ይጭራል።

በምሰሶው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ይበሉ። በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ከምሰሶው የፕላስቲክ ሽፋን ሥር የታጠፈ የጎን ኤርባግ አለ፤ ሽፋኑ ላይ የኤርባግ ምልክት ተጽፎበት ያገኙታል። ገመዱ በኤርባጉ ፊት ለፊት ከተላለፈ፣ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ሲፈነዳ ወይ ገመዱን ወደ ሰው ፊት ይወረውረዋል፣ ወይ ራሱ በትክክል ሳይዘረጋ ይቀራል። ስለዚህ ገመዱ በኤርባጉ ጀርባ፣ ከብረቱ ጋር ተጠግቶ ማለፍና ፋብሪካው ከዘረጋቸው ሽቦዎች ጋር መታሰር አለበት። ሽፋኑን ለመንቀል ልምድ ከሌለዎት ሥራውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይስጡ፤ ወይም ሽፋኑን ሳይነቅሉ ገመዱን በበሩ ጎማ ውስጥ ከምሰሶው ውጫዊ ጠርዝ ጋር ያውርዱት። በርካሽ የሚሠሩ አንዳንድ ገጣሚዎች ጊዜ ለማትረፍ ገመዱን በኤርባጉ ላይ ሲያሳልፉት አይቻለሁና፣ አጠገባቸው ቆመው ይመልከቱ።

ኤሌክትሪክ ከየት ይወስዳል? ባትሪዬንስ አይጨርስም?

የሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካ ቻርጀር ራሱ ከውጭ ይታያል፤ ስለዚህ ከፊውዝ ሣጥኑ፣ አዲስ አበባ ቫልቮላ ከምንለው፣ ቢወስዱ ይመረጣል። ለዚህ የተዘጋጀው ማገናኛ ሦስት ሽቦ አለው፦ አንዱ ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ፊውዝ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ፣ ሦስተኛው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ነው። የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት ዝቅ ያደርጋል። ኤርባግና ፍሬን የሚጠቀሙባቸውን ፊውዞች ፈጽሞ አይንኩ።

በቆመ መኪና ውስጥ የሚቀርጽ ካሜራ ባትሪ መጠቀሙ አይቀርም። 0.3 አምፔር የሚወስድ ካሜራ በ12 ሰዓት ውስጥ 3.6 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ጤናማ ለሆነ ባትሪ ይህ ብዙ አይደለም፣ መኪናው ሦስት አራት ቀን ሳይነሣ ከቆመ ግን ይጎዳዋል። ለዚህ ነው ማገናኛው ባትሪው ሲዳከም ካሜራውን የሚያጠፋ የቮልት ገደብ የሚኖረው። የተሞላ ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። እኔ በ12.2 ላይ እንዲቆርጥ አድርጌዋለሁ፤ በዲሲ ክረምት ጧት መኪና አልነሣ ብሎ ሥራ ከማጣት ጥቂት ሰዓት ሳይቀረጽ ቢያድር ይሻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ብትሆኑ ካሜራው የሚጠቀመው ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ጥንቃቄው ያው ነው።

መስታወቱን በስቲከር ባጠቁረው አይሻልም?

የፊት መስታወትን ሙሉ በሙሉ ማጥቆር በአብዛኞቹ ቦታዎች ክልክል ነው፤ ካሜራውም በጨለማ እንዳያይ ያደርገዋል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚፈቀደው ከላይ ያለው ጠባብ ክፍል ነው፤ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ኤኤስ-1 ተብላ የተጻፈች ትንሽ ምልክት የት ድረስ እንደሆነ ታሳያለች። የኋላ መስታወትዎ ከፋብሪካው ጥቁር ከሆነ የኋላ ካሜራው ከውስጡ ሲቀመጥ ከውጭ ጨርሶ አይታይም፤ በሌሊት የሚቀርጸው ምስል እንደሚጨልም ግን ይወቁ።

በሌንሱ ላይ የሚገጠመው የነጸብራቅ ማጣሪያ ካሜራውን ይደብቃል?

አይደብቅም። ማጣሪያው የሚጠቅመው የዳሽቦርዱ ጥላ በመስታወቱ ላይ አርፎ ምስሉን እንዳያደበዝዝ ነው፤ ብርሃን ስለሚቀንስ የሌሊት ሠራተኛ ቢያነሣው ይሻለዋል።

ወደ ውስጥ የሚቀርጸው ካሜራ በሌሊት ቀይ ነጥብ ያሳያል። ማጥፋት ይቻላል?

ያ ቀይ ፍም የሚመስለው ነገር በጨለማ ለማየት የሚረዳው የኢንፍራሬድ መብራት ነው። 850 ናኖሜትር የሚባለው ዓይነት በዓይን ደብዘዝ ብሎ ቀልቶ ይታያል፤ 940 ናኖሜትር የሆነው ግን አይታይም። ሲገዙ ይህን ቁጥር ይጠይቁ። የያዙት የሚታየው ዓይነት ከሆነ፣ መኪናው ሲቆም የውስጡ ካሜራ እንዲጠፋ በማስተካከያው ማዘዝ ይችላሉ።

ተሳፋሪዎች ካሜራውን እንዳያዩት ማድረግስ?

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ አይገባም። መኪናዎ ውስጥ የገባ ሰው እንደሚቀረጽ ማወቅ አለበት፤ በብዙ ቦታም ሕጉ ያስገድዳል። ለእኛ አካባቢ ሰው ይህ ጉዳይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው፤ በዲሲና በቨርጂንያ ድምፅ ለመቅዳት ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፣ በሜሪላንድ ግን የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ተሳፋሪ ጭኖ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያደርስ አሽከርካሪ በአንድ ጉዞ ውስጥ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ይሻገራል ማለት ነው። እኔ ለዚህ ስል የውስጡን ድምፅ አጥፍቼ ምስሉን ብቻ አቆያለሁ። ካሊፎርኒያም በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተሳፋሪ ንግግር ሊቀዳ እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወቂያ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ ታዝዛለች።

ጀርመን አገር ላሉ ወገኖች ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. የዳሽካም ምስል በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ቢወስንም፣ ያለ ማቋረጥ መንገዱን ሁሉ መቅረጽና ማስቀመጥ የግል መረጃ ጥበቃን እንደሚጥስ በዚያው ውሳኔ አስፍሯል፤ የሰውን የግል ንግግር ሳያሳውቁ መቅዳት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል።

ማስታወቂያውን የት እንለጥፈው የሚለው አንድ ብልኀት ይፈልጋል። በጎን መስታወቱ ላይ ወደ ውጭ የሚነበብ ስቲከር ከለጠፉ የደበቁትን ካሜራ ለሌባ ነገሩት ማለት ነው። ከፊተኛው ወንበር ጀርባ፣ የኋላ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ቢለጠፍ ግን ሊያውቀው የሚገባው ሰው ያነበዋል፣ ከውጭ የቆመው አያየውም።

አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ?

ስፖኪዮው ተነቅሎበት የሚያውቅ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ዕቃ እንዴት እንደሚጠፋ ከእኔ መማር አያሻውም። የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። መኪናውን ለእጥበት ወይም ለጋራዥ ሲተዉ ብዙ ሰው ውስጡን ያየዋል፤ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው ኪስዎ ይክተቱት፤ ካሜራ ቢጠፋ ይገዛል፣ ምስሉ ግን አይተካም። ሁለተኛው የሰው መብት ነው፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የተሳፋሪን ምስል ወይም ጨዋታ በቲክቶክ ላይ መልቀቅ ካሜራው ቢደበቅም ባይደበቅም ስሕተት ነው። ትራፊክ ፖሊስ ወይም ሌላ ባለ ሥልጣን ካሜራ እንዳለ ቢጠይቅዎ አይካዱ፤ የሚያድንዎ ማስረጃ በኋላ ሲቀርብ የካዱት ነገር ጥርጣሬ ይሆንበታል።

በዓይን ካልታየ ሌላ የሚያጋልጠው ነገር አለ?

አለ፤ ዋይፋዩ። ብዙ ካሜራዎች የራሳቸውን ዋይፋይ ይረጫሉ፤ ስሙም በአብዛኛው የድርጅቱ ስምና የሞዴሉ ቁጥር ነው። አጠገብዎ የቆመ ማንኛውም ሰው ስልኩን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። የይለፍ ቃሉም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው እንደመጣ ከ1 እስከ 8 በተርታ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የሚያውቅ ሰው ገብቶ ምስሉን ሊያይ ይችላል። ምስል ለማውረድ ካልፈለጉ በቀር ዋይፋዩን ያጥፉት፤ የይለፍ ቃሉን በመጀመሪያው ቀን ይቀይሩ።

በትክክል መደበቄን በምን አውቃለሁ?

ሌሊት ከመኪናዎ ወርደው በሩን ይቆልፉና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ የውስጡ መብራትና የካሜራው ስክሪን እስኪጠፉ ድረስ። ከዚያ ከተሳፋሪው በኩል በእግረኛ መንገዱ ላይ እንደ ማንኛውም አላፊ በዝግታ ይለፉ። ቀጥሎ ከፊት ለፊት ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ይቁሙና የስልክዎን መብራት ወደ ፊት መስታወቱ ያብሩ። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ አሁን ያዩታል፤ የእኔ ላይ የታየችው የሌንሱ ዙሪያ ብርማ ቀለበት ነበረች፣ በጥቁር ማርከር ቀባኋት። በመጨረሻም በቀን ብርሃን አንዴ ይድገሙት፤ በቀን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከካሜራው እስከ ጣሪያው ያለችው የሁለት ጣት ያህል ገመድ ናት። ካሜራውን ትንሽ ወደ ላይ በማስጠጋት ወይም ገመዱን በጥቁር ናስትሮ ከስፖኪዮው እግር ጋር በማሰር ትጠፋለች።

በኋላ ማንሣት ብፈልግ ማጣበቂያው መስታወቱን አይጎዳውም?

ካሜራውን ከመለጠፍዎ በፊት አብሮት የሚመጣውን ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ በመስታወቱ ላይ ያንጥፉና ማጣበቂያውን በእርሱ ላይ ያሳርፉ፤ ሲያነሡት ምልክት አይተውም። በቀጥታ የተለጠፈ ከሆነ ማጣበቂያውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፣ የጥርስ ማጽጃ ክር ከጀርባው አስገብተው ወደ ግራና ቀኝ እየሳቡ ይቁረጡት፤ የቀረውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ።